ከዛናክስ ወደ ሲቢዲ ጋሚ ልቀይር ነው፤ ከመጀመሬ በፊት እስቲ ምከሩኝ

ማታ ገቢዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ገብቼ ማታ 5 ሰዓት እወጣለሁ። ቤቴ ደርሼ፣ ታጥቤ፣ ከእማዬ ጋር ሁለት ቃል ሳንባባል ሌሊቱ ይጋመሳል።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። መርዶ መቼ እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ከ40 ላይ በር ተንኳኳ። ደቂቃውን ያወቅሁት ስልኬን አንስቼ ስላየሁ ነው። በመስኮት አጮልቄ ሳይ አራት መኪና ቆሟል። የማኅበራችን ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው እየወረዱ ነው። በሩን ሳልከፍት ገባኝ። እማዬም አባዬም ያኔ አዲስ አበባ ነበሩ። ከሁለቱ ማንኛቸው እንደሆኑ ብቻ ነበር ያላወቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ያቺን ሰዓት ሰውነቴ አይስታትም። 10:40 ሲል ዓይኔ ይገለጣል። ልቤ ይደልቃል። በር የተንኳኳ ይመስለኛል። ተነሥቼ መስኮቱን አያለሁ፤ መኪና የለም። ተመልሼ እተኛለሁ፤ እንቅልፍ ግን በዓይኔ አይዞርም።

ሐኪሜ አልፕራዞላም፣ ማለት ዛናክስ የሚባለውን የጭንቀት መድኃኒት፣ 0.5 ሚሊግራም አዘዘልኝ። «ሲያስፈልግሽ ብቻ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል» ነበር ያለኝ። የመጀመሪያው ሌሊት ጭልጥ ብዬ ተኛሁ። ከመርዶው ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር፤ ጠዋት ሳላለቅስ ተነሣሁ። ሁለቱ ሳምንት ግን ይኸው 14 ወር ሆነ። አሁን በየማታው ነው የምውጠው። አንዳንድ ቀን አንዱ አልበቃ ብሎኝ ሁለት እወስዳለሁ። ባለፈው ወር ፋርማሲው መድኃኒቴን አዘገየብኝና ሁለት ሌሊት ያለ ኪኒን አደርኩ። ላብ በላብ ሆንኩ። ሥራ ቦታ ለአንዲት አሮጊት ሻይ ልቀዳ ስል እጄ ተንቀጥቅጦ ትሪው ላይ ደፋሁት። ያን ቀን ፈራሁ።

ይህን የሰማች የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ አንድ ጠርሙስ ጋሚ፣ ማለት የሚታኘክ ከረሜላ፣ ሰጠችኝ። እያንዳንዱ 25 ሚሊግራም ሲቢዲ፣ ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ንጥረ ነገር፣ አለው ይላል። 30 ፍሬ፣ 39 ዶላር። «ከሄምፕ የተሠራ ነው፣ ተፈጥሮ ነው፣ አያሰክርም፣ ሱስም የለውም» አለችኝ። ጠርሙሱ ላይ ግን የዚያ ቅጠል ሥዕል ተለጥፎበታል። በርበሬ ዕቃው ጀርባ ደበቅሁት። እማዬ ደግሞ በርበሬ ስትፈልግ አገኘችው። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቅጠሉን ግን አወቀችው። «ልጄ፣ ሐሺሽ ጀመርሽ?» አለችኝ። በጾም ምድር!

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ሲቢዲ የዛናክስን ሥራ ይሠራል ወይ? ዛናክሱን ትቼ ዛሬ ማታ ጋሚውን ብጀምርስ? ሥራ ቦታ የሽንት ምርመራ ቢያደርጉ ይታይብኛል? ሐምሌ ላይ የአባቴ ሐውልት ስለሚመረቅ በዱባይ በኩል አገር ቤት እሄዳለሁ፤ ይዤው ልሄድ እችላለሁ?


ጋሚ በላ፣ ዴንቨር

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ለእኔ ሠርቶልኛል። ዛናክስን በአንድ ቀን ነው የጣልኩት። ማታ ሁለት ጋሚ እበላለሁ፣ ለሽ ነው። የፋብሪካ ኬሚካል ከምትውጪ እግዜር ያበቀለው አይሻልም? ዛሬውኑ ጣዪው!


ፋርማሲስቷ፣ ዳላስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ፋርማሲስት ነኝ፣ ሐኪምሽ ግን አይደለሁም። የምነግርሽን ይዘሽ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ።

ከላይ የጻፈው ወንድሜ ይቅር ይበለኝና «ዛሬውኑ ጣዪው» የሚለውን አትስሚው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከያዝሽ እሱን ያዢ። 14 ወር በየማታው የተወሰደ ዛናክስ በአንድ ቀን አይቆምም።

ለምን? አንጎላችን ውስጥ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሥራው እንደ ፍሬን ነው። ዛናክስ፣ አቲቫን፣ ክሎኖፒን፣ ቫሊየም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ቤንዞ ይባላሉ። ሁሉም ያንን ፍሬን ይረግጡልሻል። ለዚህ ነው በግማሽ ሰዓት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልብሽ የሚረጋው። ወራት ሲያልፉ ግን አንጎል «ሌላ ሰው ከረገጠልኝ እኔ ምን አደከመኝ» ብሎ የራሱን እግር ያነሣል። ያኔ ኪኒኑን ድንገት ብታቆሚ መኪናው ቁልቁለት ላይ ያለ ፍሬን ቀረ ማለት ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ሲብስ እንደ ሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል፤ ሰው የሞተበትም ነው። ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ በ2020 የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ሁሉ ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ በሣጥን ታጥሮ እንዲጻፍ አዝዟል። ያ የደፋሽው ሻይ የዚህ መጀመሪያ ነበር።

ይህ ማለት ግን ሱሰኛ ነሽ ማለት አይደለም። እንደታዘዘለት ቆጥሮ የወሰደ ሰውም ሰውነቱ ይለምዳል። ስለዚህ አትፈሪ።

ደግሞ ዛናክስ አጭር ዕድሜ ያለው ነው። ደም ውስጥ ካለው ግማሹ ለመውጣት 11 ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጅበታል፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። እየቀነሰ ሲሄድ የለመደው ሰውነት ሊጨነቅ ይችላል። ለእንቅልፍ የሚወሰዱ አጭር ዕድሜ ያላቸው ኪኒኖች ሰውን ወደ ንጋት እንደሚቀሰቅሱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የቀሰቀሰሽ መርዶው ነው። አሁን በየሌሊቱ 10:40 ላይ ከሚቀሰቅሱሽ አንዱ ግን ራሱ ኪኒኑ ሊሆን ይችላል። ይህን ለሐኪምሽ ንገሪው።

አሁን ወደ ሲቢዲ። ሐሺሽ አይደለም፤ ለእማማ ይህን በሙሉ ልብሽ መንገር ትችያለሽ። ካናቢስ ውስጥ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ነው። ሲቢዲ የዚያው ተክል ሌላ ልጅ ነው፣ አያሰክርም። በ2018 የወጣው የእርሻ ሕግ ቲኤችሲው ከ0.3 በመቶ ያልበለጠውን ተክል ሄምፕ ብሎ ፈቅዶታል። ጓደኛሽ እዚህ ድረስ ልክ ናት።

ግን ሲቢዲ የጋባን ፍሬን ዛናክስ እንደሚረግጠው አይረግጥም። ስለዚህ ዛናክስ ሲቋረጥብሽ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ሊሸፍንልሽ አይችልም። አንዱን በሌላው መተካት ማለት የቤትሽን ቁልፍ ጥለሽ የጎረቤት ቁልፍ እንደ መያዝ ነው። ሁለቱም ቁልፍ ናቸው፤ በርሽን የሚከፍተው ግን አንዱ ነው።

ለጭንቀት ይረዳል ወይ? ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። በዚህ የቆዩት ብራዚሎች ናቸው። በ2011 ባወጡት ጥናት ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቃቸውን 24 ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ 600 ሚሊግራም ሲቢዲ፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ወሰዱና ንግግር አደረጉ። ሲቢዲ የወሰዱት ጭንቀታቸው ቀነሰ። በ2017 ያወጡት ደግሞ ለጥያቄሽ ይበልጥ ይቀርባል፤ ሲቢዲን ከክሎኖፒን፣ ከዛናክስ የአክስት ልጅ ጋር አስተያይተዋል። 100፣ 300 እና 900 ሚሊግራም ሞከሩ። 300ው ጭንቀት ቀነሰ፤ 100ውና 900ው ግን አልሠሩም። ሲያንስም ሲበዛም አይሆንም ማለት ነው። ክሎኖፒንም ቀንሷል፤ ግን ሰዎቹን አደንዝዟቸዋል።

አሁን ጠርሙስሽን አንሺ። አንዱ ጋሚ 25 ነው። 300 ለመድረስ 12 ጋሚ ያስፈልግሻል። ያ የ39 ዶላር ጠርሙስ በሁለት ቀን ተኩል ያልቃል። እነዚያም ጥናቶች ያዩት አንድ ንግግርን እንጂ የአንድ ዓመት ሐዘንን አይደለም።

25 ሚሊግራም ላይ ያለው ዋና ወሬ በ2019 ከኮሎራዶ የወጣ ነው። አንድ ክሊኒክ 72 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በመጀመሪያው ወር 79 በመቶው ጭንቀታቸው ቀነሰ፤ ከሦስት ሁለቱ እንቅልፋቸው ተሻሻለ፣ የእንቅልፉ ግን ከወር ወር ይዋዥቅ ነበር። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ባዶ ኪኒን የወሰደ ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረም። ሰው «ይሻለኛል» ብሎ ሲያምን ብቻም ይሻለዋል፤ ይህ በእንቅልፍና በጭንቀት ላይ በጣም ይታያል። አውስትራሊያ ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው 30 ሰዎች ላይ በየማታው 150 ሚሊግራም ሞክረው ከባዶ ኪኒኑ ጋር ሲያስተያዩት የእንቅልፍ ማጣቱ ነጥብ ላይ ልዩነት አላገኙም።

«ተፈጥሮ ነው» የሚለውን ደግሞ ተዪው። ኮሶም ተፈጥሮ ነው፤ ኮሶ የጠጣ ያውቀዋል። ሲቢዲ እውነተኛ መድኃኒት ሆኖ የጸደቀው በ2018 ኤፒዲዮሌክስ በሚባል ስም ነው፣ ያውም ከባድ ለሆኑ ጥቂት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ብቻ። ለጭንቀትም ለእንቅልፍም አልጸደቀም። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ይደርሳል፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ600 እስከ 1200 ማለት ነው። በዚያ መጠን ያስቀምጣል፣ ያፈዛል፣ ጉበትንም ስለሚነካ የደም ምርመራ ይደረግለታል።

አንድ የሚገርም ነገርም አለው። ባዶ ሆድ ላይ ሲወሰድ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ግን አራት እጥፍ ያህል ይገባል። የጾም ሽሮ በልተሽ የወሰድሽውና ለፋሲካ ክትፎ በልተሽ የምትወስጂው ጋሚ አንድ አይሆንም።

ከዛናክስሽ ጋር ደርቤ ልውሰደው እንዳትይ። ሲቢዲ መድኃኒት የሚሰባብሩትን የጉበት ሠራተኞች ሥራ ያስፈታል። ክሎባዛም የሚባል የዛናክስ ዘመድ ከሲቢዲ ጋር ሲወሰድ፣ ጉበት ከሱ የሚያወጣው የሚያፈዝ ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ ወጥቷል። ሥራ ላይ አሮጊት አንሥተሽ ወንበር ላይ የምታስቀምጪ ሰው ነሽ።

ዛናክስን ማጣጣሌ አይደለም። ልብ ቀጥ ሊል ሲደርስ እንደሱ ቶሎ የሚደርስ የለም። ለዚያ ለመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ተገቢ ነበር። እንግሊዞች ለቤንዞ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ብቻ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ መግቢያውን እንጂ መውጫውን ማንም ስላልነገረሽ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቡና ስንት ሰዓት ነው የምትጠጪው?


ባለ 18 ጎማ፣ ከመንገድ ላይ

ስለ ሽንቱ እኔ ልንገርሽ፣ ከፍዬበታለሁና።

ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ወገቤን ሲያመኝ፣ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ሲያስቸግረኝ ሲቢዲ ዘይት ጀመርኩ። ጠርሙሱ ላይ «ቲኤችሲ ዜሮ» ይላል በትልቁ። ድንገተኛ ምርመራ ጠሩኝ። ወደቅሁ። «ሲቢዲ ነው የወሰድኩት» አልኳቸው፣ ጠርሙሱን አሳየሁ። አልሰሙኝም። ለካስ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በ2020 መጀመሪያ ላይ በግልጽ ጽፎታል፦ ምርመራው የሚፈልገው ቲኤችሲን ነው፤ ቲኤችሲ ከተገኘ ሲቢዲ ነው ማለት ምክንያት አይሆንም።

አምስት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። ልጆቼን ኡበር እየነዳሁ አበላሁ። አማካሪ፣ ክፍል፣ እንደገና ምርመራ፣ ሁሉንም አለፍኩ። ስሜም መዝገብ ላይ ገባ።

የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? በእኛ በሾፌሮች የሽንት ምርመራ ውስጥ ዛናክስ የለበትም። አምስት ነገር ነው የሚያዩት፤ ቤንዞ ከአምስቱ አይደለም። አንዱ ጓደኛዬ ቤንዞ እየዋጠ ሲነዳ ምንም አልተባለም (ትክክል ነው እያልኩ አይደለም)። እኔ «ተፈጥሮ» ብዬ ወደቅሁ። የአንቺ መሥሪያ ቤት የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላልና አስቀድመሽ ጠይቂ። አንቺ ባለሽበት በሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ካናቢሱ ራሱ ለአዋቂ ተፈቅዷል፤ አሠሪሽ ግን ፈቅዷል ማለት አይደለም።


ፋርማሲስቷ፣ ዳላስ

የወንድማችን ነገር ብርቅ አይደለም። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን ገዝቶ መረመረ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው የገጠመው በ26ቱ ብቻ ነበር። በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ጠርሙስሽ ላይ ካሜራ የሚያነበው አራት ማዕዘን ኮድ ካለ ክፈቺው። የላብራቶሪ ውጤት መምጣት አለበት፣ የዚያው ጠርሙስ ምድብ ቁጥር ያለበት።


ጋሚ በላ፣ ዴንቨር

እሺ፣ እኔም ልናዘዝ። ዛናክስ የወሰድኩት አውሮፕላን ስሳፈርና አልፎ አልፎ ነበር፤ በወር ሦስት አራት ቀን ቢሆን ነው። በየቀኑ አልነበረም። እህቴ፣ ይቅርታ።


የሬሆቦት ልጅ

ከእስራኤል ነኝ። የምኖርበት ሬሆቦት የእኛ ሰዎች የበዙበት ከተማ ነው። ዋይዝማን የሚባለው የምርምር ተቋምም እዚሁ ነው። ይህ የምታወሩበት ሲቢዲ ቅርጹ በ1963 ተጣርቶ የታወቀው በእኛ ከተማ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ራፋኤል ሜሹላም የሚባል ኬሚስት ነው። ቲኤችሲንም በዓመቱ አወጣው። ለምርምሩ 5 ኪሎ የሊባኖስ ሐሺሽ ከፖሊስ ተቀብሎ፣ በቦርሳ ይዞ፣ በሕዝብ አውቶቡስ ነው ያመጣው። ሰዉ «ይህ ሽታ ምንድን ነው?» እያለ ነበር ይባላል። በ2023 ነው ያረፈው፣ በ92 ዓመቱ።

እዚህ ካናቢስ በሐኪም ፈቃድ ይሰጣል፣ ጦርነት አእምሮውን ለረበሸው ሰው ሳይቀር። ወንድሜ አለው። ግን ፈቃድ፣ ሐኪም፣ መጠን፣ ክትትል አለበት። ከጓደኛ ከረጢት አይደለም።


አቡዳቢ ነኝ

ስለ ጉዞው ብቻ። ጋሚውን እንዳትይዢው! ሲቢዲ እዚህ ክልክል ነው፤ ዘይትም ይሁን ከረሜላ። «አላፊ ነኝ፣ ትራንዚት ነኝ» ማለት አያድንም። ዛናክስሽም ቢሆን እዚህ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው። ከኤርፖርት የምትወጪ ከሆነ ከአገሩ መንግሥት በኢንተርኔት አስቀድሞ ፈቃድ ይወጣለታል። ከፋርማሲው ጠርሙስ ሳታወጪ፣ የሐኪም ወረቀቱን ይዘሽ፣ በእጅ ቦርሳ ያዢ። በፌስታል ጠቅልለሽ እንዳትይዢ፣ የእኛ ሰው ይህን ይወዳል።

አገር ቤትም ካናቢስ በወንጀል ሕጉ ክልክል ነው። ቦሌ ላይ ያ የቅጠል ሥዕል ቢታይ ስለ ሄምፕና ስለ 0.3 በመቶ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማሻል? ለአባትሽ ሐውልት ሄደሽ ጣቢያ አትደሪ።


ማታ ገቢዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አቡዳቢዋ፣ ነፍሴን አተረፍሽኝ። ጋሚውን ሻንጣ ውስጥ ልከተው ነበር።

ኮዱን ከፈትኩት። የአንድ የጫማ ሱቅ ገጽ ወጣ። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። «ሐሺሹ ጫማ ሆነ?» አለች።

ስለ ቡናው… እንግዲህ እውነቱን ልናገር። እማዬ እኔን ጠብቃ ነው የምታፈላው። ማታ 5 ሰዓት ተኩል ላይ። አንዳንዴ እስከ በረካ እንደርሳለን። አባዬ ከሞተ ወዲህ የምናወራው ያኔ ነው፣ ቀን አንገናኝም።


ፋርማሲስቷ፣ ዳላስ

በረካ?! እኩለ ሌሊት ላይ? እህቴ፣ የቡናው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። እኩለ ሌሊት የጠጣሽው ሦስት ሲኒ 10:40 ላይ ግማሹ ገና ውስጥሽ ነው። በአንድ እግርሽ ፍሬን፣ በሌላው ነዳጅ እየረገጥሽ ነበር። ወሬውን አታቁሙ። ሲኒው ውስጥ የጠጅ ሳር ወይም የከርከዴ ሻይ፣ ብቻ ቡና ያልሆነ ነገር ይሁን። ብሎ ብሎ ጠጅ ወይም አረቄ እንዳይሆን ደግሞ፤ አልኮልና ዛናክስ አብረው ትንፋሽ ያቆማሉ።


እትዬ ለንደን

ልጄ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው። አቲቫን 6 ዓመት ወስጃለሁ። ዛሬ ከኪኒኑ ነፃ ነኝ፤ ለመውጣት 11 ወር ፈጅቶብኛል።

የተከተልኩት ኒውካስል ውስጥ ከ1982 ጀምሮ ለ12 ዓመት ሰዎችን ከቤንዞ የሚያላቅቅ ክሊኒክ የመሩት የፕሮፌሰር ሄዘር አሽተንን መንገድ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። አጭር ዕድሜ ያለውን ኪኒን ሐኪሙ ቀስ በቀስ ረጅም ዕድሜ ወዳለው ወደ ዳያዜፓም ይቀይረዋል። በሳቸው ሠንጠረዥ ያንቺ 0.5 ዛናክስ ከ10 ሚሊግራም ዳያዜፓም ጋር እኩል ነው። ዳያዜፓም ባለ 2 ሚሊግራም ፍሬ ስላለው በትንሽ በትንሹ ለመቁረስ ይመቻል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ፣ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መቀነስ ነው። የኔ ሐኪም ከአሥር አንድ እጅ በላይ በአንድ ጊዜ አልቀነሰልኝም። ሁሉም ሰው መቀየር የለበትም፣ በዚያው ዛናክስ የሚቀንስም አለ። እሱን ሐኪምሽ ይወስን።

የመጀመሪያው ግማሽ አልከበደኝም። የመጨረሻዋ ፍርፋሪ ናት ያስለቀሰችኝ። አንድ ወር ጭራሽ አልቀነስኩም፣ ባለሁበት ቆየሁ። ወደ ኋላ ግን አልተመለስኩም።

እንቅልፉን ያስተካከለልኝ ኪኒን አይደለም። የእንቅልፍ ሥልጠና ነው። ሰዓቴ ሲደርስ ሳይሆን እንቅልፌ ሲመጣ ብቻ እንድተኛ፣ 20 ደቂቃ ካለፈ ከአልጋ ተነሥቼ ሌላ ክፍል እንድቀመጥ፣ ባልተኛም ጠዋት በአንድ ሰዓት እንድነሣ አደረጉኝ። ቀን ማሸለብ ክልክል። መጀመሪያ ሳምንት ሰው ልገድል ደርሼ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ተኛሁ።

ልጄ፣ ያቺ 10:40 ግን ሌላ ናት። እኔም እናቴን የተረዳሁት በጠዋት ነው። ለእሷ ኪኒንም ጋሚም የለም። የሚያነጋግርሽ ሰው ፈልጊ።


ፋርማሲስቷ፣ ዳላስ

እትዬ፣ እድሜ ይስጥልን። ያሉት ሥልጠና እዚህም ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከኪኒን በፊት የሚመከር ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እንዲህ ብሏል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ያወጣው ኢንሶምኒያ ኮች የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ ለማንም ክፍት ነው። በአማርኛ አለመሆኑ ነው ችግሩ።


ማታ ገቢዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ።

ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ሁለት የምውጥበትን ቀን ሳይቀር። መጀመሪያ «ከፈለግሽ ተዪው» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ «በአንድ ቀን አይቆምም» ያልኩት። አየት አደረገኝና ኮምፒውተሩ ላይ ረጅም ጊዜ አነበበ። ወደ ዳያዜፓም ቀይሮ በየሦስት ሳምንቱ ሊቀንስልኝ ተስማማን። እስካሁን አንዴ ቀንሻለሁ። ሦስት ቀን ቁጡ ሆኜ ነበር፣ ከዚያ አለፈ። እጄ አይንቀጠቀጥም። መቼ እንደምጨርስ አልጠየቅሁትም።

ጋሚውን ለጓደኛዬ መለስኩላት። አልተቀየመችኝም፤ የጫማ ሱቁን ሳሳያት ሳቀች። ቆይታ ግን እሷም መብላቷን ተወች።

ቡናው ወደ እሑድ ከሰዓት ተዛውሯል። እማዬ ማታ የዳማከሴ ሻይ ነው የምታፈላልኝ። ይሠራል አይሠራም አላውቅም፣ ግን ያው እንቀመጣለን።

አንድ ነገር ደግሞ አደረግሁ። የማኅበራችን ሴቶች ሲሰበሰቡ «ለእኔ የሚነገር መርዶ ካለ በቀን ይሁን፣ በጠዋት በሬን እንዳታንኳኩ» አልኳቸው። ዝም አሉ። እማዬ «መርዶ ቀጠሮ የለውም» አለችኝ። አንዷ ግን፣ ያን ቀን ከፊት የወረደችው፣ ቀስ ብላ «እኔም ከዚያ ወዲህ በጠዋት መኪና ማስነሣት እፈራለሁ» አለች። ሁለታችንም አለቀስን።

አሁንም 10:40 ላይ እነቃለሁ፣ በየቀኑ ግን አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ለዚህ የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ አማርኛ የሚችል፣ ሜዲኬድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል የሥነ ልቦና አማካሪ የምታውቁ አላችሁ? በእንግሊዝኛ አንዷን ሞክሬ ነበር። መርዶ ምን እንደሆነ ሳስረዳት ሰዓቱ አለቀብኝ።